ፈረሱ የማይጫንበት ቀን ዋጋ

ለልጄ ፈረስ ግልቢያ እንዲያስተምሩልኝ የለመንኳቸውን አዛውንት «ስንት ልክፈልዎት?» ብዬ ስጠይቃቸው የመለሱልኝ «አንተ ታውቃለህ፣ ልጄ» ብለው ብቻ ነበር። በእኛ አገር ይህ የጨዋ ሰው መልስ ነው፤ ዋጋ መጥራት ነውር የሚመስለው ሰው ፍርዱን ለከፋዩ ኅሊና ይተወዋል። ያ መልስ ግን ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ መንገዱን ሙሉ፣ ከተመለስኩም በኋላ ለብዙ ሳምንታት ከሐሳቤ አልወጣ አለ። የጤፍና የበግ ዋጋ ከገበያ ይጠየቃል፤ የቤት ኪራይም ከደላላ ይሰማል። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በፈረስ ጀርባ ላይ ያካበተውን ዕውቀት ለአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ሲያካፍል የሚገባው ክፍያ ግን በማን ሚዛን ይመዘናል?

ወዳጆቼን አማከርኩ። አዲስ አበባ የሚኖር ዘመዴ እሱ በሚያውቀው ቦታ ለአንድ ሰዓት 2,000 ብር እንደሚጠየቅ ነገረኝ። ደብረ ብርሃን ያለ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ለገጠር ሰው ሁለት መቶ ብር ምን አነሰው? ፈረሱ እንደሆነ ቆሞ ነው የሚውለው» አለኝ። ሁለቱም የተናገሩት በቅንነት ነው፤ ሁለቱንም ግን መቀበል አልቻልኩም። በመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ የከተማ መሬት ኪራይ፣ የጥበቃና የፈረስ ተንከባካቢ ደመወዝ፣ ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ ድርቆሽ አለበት፤ ጫጫ ሜዳ ላይ ከእነዚህ አብዛኛው የለም። ሁለተኛው ዋጋ በበኩሉ ፈረስን የማይበላ፣ የማይታመምና የማያረጅ ፍጡር ያስመስለዋል።

ፈረስ ቆሞም ይበላል

ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ፈረስ በቀን ከክብደቱ ሁለት በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። የደጋው ፈረሳችን ትንሽ ነው፤ 250 ኪሎ ቢመዝን በቀን 5 ኪሎ፣ በወር ደግሞ 150 ኪሎ ድርቆሽ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ቆሞ ለሚውለው ነው፤ ሰው ተሸክሞ ሶምሶማ የሚሮጥ ከሆነ ገብስ ወይም ፉርሽካ ይጨመርለታል። ውኃም አለ፤ በበጋ ምንጩ ሲርቅ ያን ውኃ ቀድቶ የሚያቀርብ ወይም ፈረሱን ነድቶ የሚያጠጣ ሰው ያስፈልጋል። ኮቴው በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ለስላሳ ሜዳ ላይ በሚውል ፈረስ ደግሞ በራሱ ተፍቆ ስለማያልቅ እየተከረከመ መስተካከል አለበት። ክረምቱ አልፎ ትንኝ ሲበዛ የሚነሣው የፈረስ በሽታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል፤ ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ጊዜውን ጠብቆ ማስከተቡ ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው። ኮርቻው፣ ከሥሩ የሚነጠፈው ግላስ፣ ልጓሙ፣ በሆዱ ዙሪያ የሚታሰረው ጠፍር ሁሉ በሥራ ብዛት ያልቃል። የኑሮ ውድነቱም ለሰው ብቻ አልመጣም፤ ፉርሽካና ፋጉሎም አብረው ተወድደዋል።

ይህን ሁሉ ስደምር ሁለት መቶ ብር ለፈረሱ ራት እንኳ የሚተርፍ ሆኖ አላገኘሁትም። ይሁን እንጂ ስሌቱ የነገረኝ የፈረሱን ወጪ ብቻ ነበር። የሰውዬው ዋጋ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ጋሼ የሚያስተምሩበት ሜዳ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. ከተወለዱባት ከአንጎለላ ሩቅ አይደለም። በዚህ አገር ንጉሥ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ሣህለ ሥላሴን አባ ዲና፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ያሰኛቸው የየፈረሳቸው ስም ነው። የቤተ መንግሥቱን ፈረሶች በኃላፊነት የሚይዘው ሰው ባልደራስ ተብሎ በማዕረግ ይኖር ነበር። ያ ዕውቀት ዛሬም በየመንደሩ አለ። ከአባት ወደ ልጅ በቤት ውስጥ ሲተላለፍ ስለኖረ ግን ዋጋ አልወጣለትም፤ ዋጋ ያልወጣለት ነገር ደግሞ ዋጋ የሌለው ይመስላል። የጋሼ ልጆች አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ ሌሎቹ ከተማ ገብተዋል፤ ፈረሱን የሚፈልግ የለም። ለልጆቻቸው በነጻ ሊያወርሱት የነበረውን ለእኔ ልጅ ሲሰጡ ባለዕውቀቱ አንገታቸውን ደፍተው «አንተ ታውቃለህ» ማለታቸው እጅግ አስቆጨኝ።

ለጊዜው ግን መጀመር ነበረብንና በተማረች ቀን ሁሉ 400 ብር በእጃቸው ለመስጠት ወሰንኩ። ተቀብለው መረቁኝ፤ አልቆጠሩትም።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጄ ፈረሱ ላይ አልወጣችም። ይህን የምጽፈው ሌሎች ወላጆች እንዲያውቁት ስለምፈልግ ነው፤ ብዙ ሰው ለግልቢያ ሲከፍል የሚከፍለው ልጁ ኮርቻ ላይ ለሚቀመጥበት ደቂቃ ብቻ ይመስለዋል። ጋሼ የጀመሩት ከመሬት ነው። የፈረስ ዓይኖች በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ሊያይ ምንም አይቀረውም፤ የማያየው ከጭራው በስተኋላና ከግንባሩ ሥር ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ልጄ በመጀመሪያ የተማረችው ከሩቅ ድምፅ እያሰማች፣ በትከሻው በኩል፣ ሳትሮጥ መቅረብን ነበር። ቀጥሎ ገብስ በተዘረጋ መዳፍ ማብላትን፣ ጀርባውን ጠርጋ አንዲት ገለባ እንኳ ግላሱ ሥር እንዳትቀር በጣቶቿ መፈተሽን ተማረች።

ጠፍር ማሰር ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ። ፈረስ ሲታጠቅ ሆዱን መንፋት ይወዳል፤ ትንሽ ከተራመደ በኋላ ጠፍሩ ይላላል፤ ኮርቻውም ከነተቀማጩ ወደ ጎን ይዞራል። ጋሼ ጥቂት ካራመዱት በኋላ ሁልጊዜ ያቆሙትና እንደገና ያጠብቃሉ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?» ይሏታል ልጄን፤ እሷም አሁን ሳይነገራት ሁለተኛውን ማጥበቅ ራሷ ታስታውሳቸዋለች።

በመጨረሻ ኮርቻ ላይ ስትወጣም ልጓሙን አልሰጧትም። በረጅም ገመድ ፈረሱን እየያዙ በእርምጃ ብቻ በክብ አዞሯት፤ እጆቿን ዘርግታ ወገቧን ከፈረሱ አረማመድ ጋር እንድታስማማ ነገሯት። ልጓም የተሰጣት ሚዛኗን ለመጠበቅ ልጓሙን መያዝ እንደማያስፈልጋት ሲያረጋግጡ ነው፤ አፉ ውስጥ ብረት ያለ ፍጡር የሰው መንጠልጠያ ሊሆን አይገባም ይላሉ። ደጋግመው የሚነግሯት «መሳብ ማንም ይችላል፤ ቶሎ መልቀቅ ነው ሙያው» እያሉ ነው። ፈረስ የሚማረው ልጓሙ በላላበት ቅጽበት ነውና፣ ቆም ሲል ወዲያው ያልተለቀቀለት ፈረስ መቆሙ ትክክል መሆኑን አያውቅም።

ጫማዋንም መለሱት። ተረከዝ የሌለው ስኒከር እርካብ ውስጥ አልፎ እግር ሊያሲዝ ይችላል፤ የወደቀ ሰው ደግሞ በእርካብ ከተያዘ ይጎተታል። የራስ ቁሩን ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት እኔ ነኝ፤ ቀደም ሲል የተመታ ቁር ከውጭ ደኅና ቢመስልም በውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል አሮጌ አልገዛሁም። ይህ ወጪ በትምህርቱ ዋጋ ውስጥ እንደሚቆጠር ማንም ወላጅ አስቀድሞ ቢያውቀው ጥሩ ነው።

«ዛሬ አይጫንም»

ከጥምቀት በኋላ ባለ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ ደረስን። የጥር ሠርግ ወቅት ነበርና ዳማው ፈረስ በዋዜማው ለአንድ ዘመድ ሠርግ ተሰጥቶ ማታ ነው የተመለሰው። ጋሼ ግላሱን በክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ቀረቡና ከማልበሳቸው በፊት፣ እንደ ልማዳቸው፣ መዳፋቸውን ከጋማው ግርጌ ጀምረው ወደ ኋላ በዝግታ አንሸራተቱ። ትከሻው ከጀርባው በሚገናኝበት ጉብታ ላይ ሲደርሱ የፈረሱ ቆዳ ተርገበገበ፤ ጆሮዎቹም ወደ ኋላ ተኙ። እጃቸውን አነሡና በመዳፋቸው ጀርባ መልሰው ነኩት። ከዚያ የእኔን እጅ ይዘው እዚያው ላይ አሳረፉት። ከሌላው ሰውነቱ ይልቅ ይሞቃል። ጸጉሩን ገለጥ ሲያደርጉት ቆዳው ከአውራ ጣት ጫፍ በማይበልጥ ስፋት ቀልቷል፤ ገና አልተላጠም፤ አልቆሰለምም።

«ዛሬ አይጫንም» አሉና ግላሱን አጥሩ ላይ ሰቀሉት።

ልጄ ሳምንቱን ሙሉ ስትጠብቅ የቆየች ስለሆነች ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አባባ፣ ቀስ ብዬ ብቀመጥስ?» ስትላቸው ጎንበስ ብለው፣ «ቀስ ብለሽ ብትቀመጪም ክብደትሽ ያው ነው፣ የኔ ልጅ። ዛሬ ከተጫነ ነገ ይቆስላል፤ ከቆሰለ ወር ሙሉ ጀርባው ኮርቻ አይነካውም» አሏት። ወደ ሴቷ ፈረሳቸው፣ ወደ ባዝራዋም ወሰዷትና በጀርባዋ ግራና ቀኝ ያሉትን ነጫጭ የጸጉር ነጠብጣቦች አሳዩዋት። ኮርቻ ያቆሰለው ቆዳ ሲድን ጸጉሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚበቅለው፤ ባዝራዋን ሲገዟት ከነጠባሳዋ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የደብረ ብርሃን ጋሪዎች በአጠገቤ ባለፉ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው በፈረሶቹ ጀርባና ደረት ላይ ነው፤ ስንቱ ፈረስ የኑሮ ታሪኩ በነጭ ጸጉር ተጽፎበት እንደሚሄድ ቀድሞ አላስተዋልኩም ነበር።

ያን ጠዋት ልጄ የኮቴ ውስጥ ጭቃና ጠጠር ማውጣት ተማረች፤ የቀላውንም ቦታ በቀዝቃዛ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ያዘችለት። ስንነሣ 400 ብሩን ዘረጋሁ። ጋሼ እጄን በቀስታ ወደ ደረቴ መለሱት። «ያልጋለበች ልጅ ምን ትከፍላለች?» አሉ።

ነገሩን በመንገድ ላይ ደጋግሜ አሰብኩት። እኚህ ሰው ፈረሳቸውን በመዳፋቸው ስለዳሰሱ 400 ብር አጡ። ዝም ብለው ቢጭኑት ኖሮ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። እኔ አላየሁትም፤ ልጄም አላየችውም፤ ግላሱ ከተደረበበት በኋላ ደግሞ የሚያየው የለም። የሚታመም ጀርባ ያለው ፈረስ ግን እስከ መጨረሻው አይታገሥም፤ አንድ ቦታ ላይ ጀርባውን ቆልምሞ ይዘልላል፣ ተቀማጩንም ይጥላል። ስለዚህ ያን ጠዋት በልጄና በመሬቱ መካከል የቆመው ብቸኛ ነገር የአንድ ሽማግሌ መዳፍ ነበር። የእኔ የአከፋፈል ሥርዓት ደግሞ ያን መዳፍ የሚቀጣ ነበር። በጋለበችበት ቀን ብቻ የምከፍል ከሆነ፣ ጋሼ «ዛሬ አይጫንም» ባሉ ቁጥር የሚከስሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ኪሳራውን ችለው እውነቱን ይናገራሉ፤ ሰውነታቸው እንዲህ ነው። ነገር ግን የልጄን ደኅንነት በአንድ ድኻ ሰው ቅንነት ላይ ጥዬ፣ የቅንነቱንም ወጪ ለእሳቸው ማሸከም ለእኔ ተገቢ ሆኖ አልታየኝም። ድርቆሽ በሚወደድበት በግንቦት፣ ቤት ውስጥ ሰው በታመመበት ሳምንት፣ ያቺ 400 ብር ምን ያህል እንደምትከብድ አውቃለሁ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ጥያቄዬ «ስንት» የሚል ነበር። ለካ መጠየቅ የነበረበት «በምን ላይ» ነው።

በቀን ሳይሆን በወር

እዚህ ከተማ ውስጥ ልጆቻችንን የሚያስጠና ሰው በወር ነው የሚከፈለው። ልጅ ታምማ ሁለት ቀን ብትቀር ማንም የአስጠኚውን ክፍያ አይቀንስም፤ ቢቀንስም ጎረቤት ያማዋል። ያንኑ ሥርዓት ወደ ሜዳው ወሰድኩት። ቅዳሜና እሑድ ለሚሰጠው ትምህርት በወር 3,500 ብር እንድከፍል፣ ፈረሱ ቢጫንም ባይጫንም ክፍያው እንዳይነካ፣ የመጫኑንም ነገር የሚወስኑት እሳቸው ብቻ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረብኩ።

ባለቤቴ መጀመሪያ አልተስማማችም፤ ተቃውሞዋም ቀላል አልነበረም። «ሳይሠራ የሚከፈለው ሰው ውሎ አድሮ ይሰንፋል፤ እሳቸው ባይሰንፉ እንኳ ነገ ሌላ ሰው ቢተካቸው ምን ይውጥሃል?» አለችኝ። መልሴ፣ ፈረሱ በማይጫንበት ቀንም ትምህርት አለ የሚል ነበር። ኮቴ ያጸዳችበትና የሚሞቅ ጀርባ በእጇ የለየችበት ያ ቅዳሜ፣ በእኔ ግምት፣ በሶምሶማ ከዞረችባቸው ቀናት ሁሉ የበለጠ ያስተማራት ቀን ነው። ስለ መንገዱም ተነጋገርን፤ መንገድ ተዘግቶ መሄድ ያልቻልንባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ በእነዚያም ሳምንታት ፈረሱ በልቷል። በመጨረሻ የተግባባነው፣ እኛ ከቀረን ክፍያው እንደማይቀነስ፣ እሳቸው ከቀሩ ግን ቀኑ በሌላ ቀን እንደሚተካ ነው።

ጋሼ ጉዳዩን ስነግራቸው ወዲያው አልመለሱልኝም። በሳምንቱ፣ «እንግዲያውስ እኔም ልናገር» ብለው ሁለት ነገር ጠየቁ። አንደኛው በአንድ ፈረስ ላይ በአንድ ቀን ከሁለት ልጅ በላይ እንዳላመጣባቸው ነው፤ የጎረቤት ልጆች መጠየቅ መጀመራቸውን ሰምተዋል። ሁለተኛው፣ እሳቸው ደርሳለች ሳይሉ ልጄ በጥምቀት ሜዳ ጉግስ አየሁ ብላ ፈረስ እንዳታስሮጥ ቃል እንድትገባ ነው። ዋጋ መጥራት ያሳፈራቸው ሰው ለፈረሱና ለልጅቱ ሲሆን ያለ አንዳች ማመንታት ተደራደሩ። የአጎቴን ልጅ ደግሞ፣ ትልቅ ሰው ነው፣ በትሕትና አሰናብተውታል፤ የፈረስ ሸክም ከነኮርቻው ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛውን ባያልፍ ይመረጣል፤ በዚህ ሚዛን 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ከ50 ኪሎ በላይ እንዲሸከም አይጠበቅበትም። እሳቸው ቁጥሩን አይጠሩም፤ ሰውየውን አይተው ፈረሱን አዩና «ይኼ ለበቅሎም ይከብዳል» አሉ።

ሰዎች ስንት እንደምከፍል ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ። ብዙዎቹ 3,500ን በወሩ ቅዳሜና እሑድ ቁጥር አካፍለው «ተወዶብሃል» ይሉኛል። እኔ ግን ለልጁ የፈረስ ትምህርት የሚፈልግ ወላጅ ዋጋ ከመከራከሩ በፊት የፈረሶቹን ጀርባ እንዲያይና አስተማሪውን «ፈረሱ ባይጫን ምን እናደርጋለን?» ብሎ እንዲጠይቅ እመክራለሁ። ርካሽ ሆኖ በየቀኑ የሚጫን ፈረስ ካገኘ፣ ልዩነቱን እየከፈለ ያለው ፈረሱ መሆኑን ይወቅ።

የቀረን የክረምቱ ጉዳይ ነበር። በሐምሌና በነሐሴ ሜዳው ጭቃ ነው፤ ፈረስ ያንሸራትታል፤ ትምህርቱም አብዛኛው ከመሬት ላይ ይሆናል፤ ሣሩ ግን በነጻ ነው። በኅዳር ድርቆሽ ታጭዶ ይረክሳል፤ በሚያዝያና በግንቦት ይወደዳል። ጋሼ ያቀረቡት ሐሳብ፣ በሁለቱ የክረምት ወራት ግማሹን ብቻ እንድከፍል፣ በኅዳር ግን የሁለት ወር ሙሉ ክፍያ በአንድ ጊዜ እንድሰጣቸውና የዓመቱን ድርቆሽ በርካሹ ገዝተው እንዲከምሩ ነው። ኅዳር ላይ 7,000 ብር በአንድ ጊዜ ለማውጣት ከአሁኑ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ማስቀመጥ ጀምረናል። ባለቤቴ ከውሉ ሁሉ ያለ ክርክር የተቀበለችው ይህንን ነው፤ እሷም የዓመቱን በርበሬ የምትገዛው በወቅቱ ነውና።